ኮምፕረሽኑ ወርዷል ተብዬ ሞተር ላስወርድ ነበር

ባለፈው መስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን አባይ ከጣና ሲወጣ ላሳያቸው ብዬ እዚህ ባህር ዳር ወዳለው ቤዛዊት ኮረብታ ይዣቸው ስወጣ መኪናዬ ቪትዟ እምቢ አለች። ቆማ ቀረች ማለቴ አይደለም፣ ግን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣው የነበረውን ዳገት በአንደኛ እየጮኸች፣ እኔ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጬ፣ ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ በጎኔ አለፈኝ። ዘመዶቼ የሳቁትን ሳቅ እስካሁን አልረሳውም።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ጌጁን በየቀዳዳው እየሰካ ሞተሩን አስመታ፣ 150፣ 152፣ 148፣ 151 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አነበበ። «ጤነኛ ሞተር 190 ነው የሚለው ወንድሜ፣ ኮምፕረሽኑ ወርዷል፣ ፋሻው አልቋል፣ ሞተር መውረድ አለበት» አለኝ (ፋሻ ማለት ፒስተኑን ዙሪያውን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገጥመው ቀለበት ነው)። እግረ መንገዳችንን ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ብረት) ትንሽ አስላጥተን ጉልበት እንጨምርበታለን የሚልም ጨመረ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ለቀብድ ኪሴ ገብቼ ነበር።

ያዳኑኝ ድሮ ወደ ዘጌ የሚመላለሱ ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቁጥሮቹን ስነግራቸው «አራቱም እኩል ነው የወረዱት?» አሉኝ። አዎ ጋሼ አልኳቸው። «አራት ሲሊንደር ተማክሮ በአንድ ቀን ፋሻ ይጨርሳል እንዴ አንተ ልጅ? በል መኪናህን ይዘህ ውጣ» አሉኝ። ከዛ በኋላ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት፣ ለናንተም የምጽፈው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ያቺ ጌጅ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ውስጥ ስንት ነገር እንደታጨቀ ሳውቅ ገርሞኛል።

መጀመሪያ ሞተሩ ምን እንደሚሰራ ባጭሩ። የቤንዚን ሞተር ኦቶ የሚባለው ጀርመናዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ካሰራው ጀምሮ ያው አራት ነገር ነው የሚያደርገው፦ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ካንዴላው ለኩሶ ያቃጥልና ፒስተኑን ወደታች ይገፋል፣ ጭሱን ያስወጣል። ጌጁ የሚለካው ሁለተኛውን ነው፣ ሳይለኮስ ዝም ብሎ አየሩ ሲጨመቅ ስንት እንደሚደርስ።

እና የሚጨመቀው አየር ከየት መጣ? ከባህር ዳር። እዚህ ጋ ነው የልጁ ስህተት። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው 80 ከመቶ አካባቢ ነው (ባህር ዳር የሚለው ስም ባህር ጠለል ላይ ያለን ያስመስላል እንጂ ጣና ራሱ ተራራ ላይ የተቀመጠ ውሃ ነው)። ሞተሩ በቁጥር የሚያበዛው ያገኘውን ነው፣ ያገኘው ትንሽ ከሆነ ውጤቱም ትንሽ ነው። ሂሳቡ ከባድ አይደለም፦ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ስለሆነ በባህር ጠለል 190 ላይ የዛኑ ቦታ የአየር ግፊት 14.7 ትጨምራለህ፣ 205 ገደማ ይመጣል፣ በ0.8 ታባዛለህ፣ ከዛ የኛን ከተማ የአየር ግፊት 11.8 ትቀንሳለህ። 152 ገደማ። እንግዲህ የኔ 150 ከዚህ ምን ጎደለው? ሞተሬ በባህር ዳር ሚዛን ጤነኛ ነበር፣ ሲለካ የነበረው ግን በጅቡቲ ሚዛን ነው።

ስለዚ ጌጅ ሲሰካባችሁ ከቁጥሩ ትልቅነት በፊት ልዩነቱን እዩ። ሦስቱ 150 ሆነው አንዱ 95 ካለ እዛ ሲሊንደር ውስጥ በርግጥ ነገር አለ። ያኔ በካንዴላው ቀዳዳ ማንኪያ የማትሞላ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፣ ቁጥሩ ብድግ ካለ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ደፍኖለታል ማለት ነው፣ ካልተነሳ ቫልቭ (የአየሩ መግቢያና የጭሱ መውጫ በር) ወይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ጠርጥሩ። ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ሁሉም ካንዴላ ወጥቶ፣ ባትሪው ደህና ሆኖ መለካት እንዳለበት ደግሞ አትርሱ፣ የደከመ ባትሪ ደህናውን ሞተር በሽተኛ ያደርገዋል።

እሺ፣ ግን መጨመቁ ራሱ ለምን አስፈለገ? እኔ ድሮ የሚመስለኝ ለማቀጣጠል ብቻ ነበር። አይደለም። ዋናው ነገር ወደታች ሲመለስ ነው ያለው። የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን እየገፋ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘው ሙቀት ነው ጉልበት የሚሆነው፣ ሳይሰፋ በጭስ ማውጫው የወጣው ሙቀት ደግሞ የከፈልክበት ቤንዚን ሆኖ ማርሚታ ሲያሞቅ ይውላል። በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ተጨምቆ የጀመረ ጋዝ ብዙ እጥፍ የመስፋት ዕድል አለው። ቡና አስቡ። አቦሉን ጠጥቶ አተላውን የሚደፋ ሰው አለ፣ ቶና አስደግሞ በረካ ድረስ የሚጠብቅ አለ፣ ቡናው ያው አንድ ነው። ጭመቃው ዝቅ ያለ ሞተር አቦል ላይ የሚደፋው ነው።

በወረቀት ላይ ያለው ሂሳብ እንዲህ ይላል፦ አየሩን 8 እጥፍ የሚጨምቅ ሞተር ከሙቀቱ 56 ከመቶ ወደ ስራ ይቀይራል፣ 10.5 እጥፍ ከሆነ 61፣ 13 እጥፍ ከሆነ 64። ወረቀት ግን ፍትጊያ አያውቅም፣ በራዲያተር የሚሄድ ሙቀት አያውቅም፣ በውኑ አብዛኛው የምንነዳው የቤንዚን መኪና ከ25 እስከ 35 ከመቶ ላይ ነው። ከስምንት ወደ አስር ሲወጣ ያለው ትርፍ ደህና ነው፣ ከአስራ ሦስት በላይ ያለው እያነሰ እያነሰ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን 13 እና 14 አያደርጉትም ሁሉንም? ስለሚያንኳኳ። ካንዴላው ከለኮሰው ቦታ እሳቱ እየተስፋፋ ሲሄድ ጥግ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ያልተቃጠለ ድብልቅ አለ፣ እሱ ከፊት ባለው እሳት እየተገፋ፣ እየተጨመቀ፣ እየጋለ ይሄድና እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ ቧ ይላል። ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ ስትረግጡ የሚሰማው ሳንቲም ቆርቆሮ ውስጥ እንደማንኳኳት ያለ ድምፅ እሱ ነው። ፒስተን ይበሳል፣ ጓርኒሲዮን ይበላል። ከፍታው እዚህ ላይ ደግሞ ይክሰናል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የመጨረሻው ግፊት ዝቅ ይላል፣ ስለዚ ባህር ዳር ውስጥ ማንኳኳት ከቆላ ያነሰ ነው።

ቴስታታ አስላጡ የሚሉት ሰዎችም ይቺን ነው የሚበሉት። የኔ ቪትዝ 1.3 ሊትር ናት፣ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለሰው 73.5 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚ እያንዳንዱ ሲሊንደር 325 ሲሲ ገደማ ይጠርጋል። ኮምፕረሽን ሬሾዋ (አየሩን ስንት እጥፍ እንደምትጨምቅ) 10.5 ስለሆነ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 34 ሲሲ ብቻ ነው። ግማሽ ሲኒ! ያ ሁሉ አየር ግማሽ ሲኒ ውስጥ ነው የሚታጨቀው። ቶርኖ ቤት ወስደህ ከቴስታታው ግማሽ ሚሊሜትር ብታስልጥ ሁለት ሲሲ ገደማ ይጠፋል፣ ሬሾው ወደ 11.1 ይወጣል። እዚህ ከተማ ውስጥ ምንም አትልህም፣ እንዲያውም ደስ ትላለች። ከዛ አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ትነሳለህ፣ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ትወርዳለህ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከባህር ዳር 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለሃል፣ አየሩ ወፍሯል፣ ሙቀቱ ይጠብሳል፣ ከዛ ወዲያው ወደ ጎሃ ጽዮን ያ ማለቂያ የሌለው ዳገት። እዛ ጋ ማንኳኳት ትጀምራለች። በዛ ላይ ማንም የማይነግርህ ሌላ ነገር አለ፣ ቴስታታው ዝቅ ሲል ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ከላይ ያለው ዘንግ) ወደ ኮሎው (ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ከታች ወዳለው ዘንግ) ይቀርባል፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ሰንሰለት ወይ ቺንጋ በትንሹ ይላላል፣ የሚይዘው መወጠሪያ ያንን ሲስበው ካምሻፍቱ አንድ ዲግሪ ገደማ ወደኋላ ይቀራል። ጭመቃውን ነካሁ ስትል የቫልቩንም ሰዓት ነክተሃል። (ቴስታታ ግሎ ከተጣመመ መስላጡ ግዴታ ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ስለ ቅርጹም ትንሽ ልበል። ያንኑ 34 ሲሲ በሰፊና በጠፍጣፋ ጉድጓድም በጠባብና ጠለቅ ባለም ማድረግ ይቻላል፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ጠባዩ ግን በጣም ይለያያል። ሽሮ በሸክላ ድስት ሲቀርብ አፍ ይፋጃል፣ ያንኑ ሽሮ ሰፊ ትሪ ላይ ብትገለብጠው እንጀራው ሳይቆረስ ይቀዘቅዛል። ሲሊንደርም እንደዛው፣ ሰፊና አጭር ሲሆን እሳቱን የሚነካው ብረት ይበዛና ሙቀቱ ስራ ሳይሰራ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። እሳቱም ከመሀል እስከ ጥግ የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥር ጥግ ላይ ያለው ድብልቅ ቀድሞ የመፈንዳት ጊዜ ያገኛል። ጠባብና ረጅም ሲሆን ሁለቱም ይሻላል። ለዚህ ነው ቶዮታ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ የሰራው አዲሱ 2.5 ሊትር ሞተር 87.5 ስፋት ላይ 103.4 ምልልስ ያለው፣ ስታዩት ሲሊንደሩ ብርጭቆ ሳይሆን ብርሌ ነው የሚመስለው።

ታዲያ እሽቅድምድም መኪናዎች ለምን ተቃራኒውን ያደርጋሉ? ምክንያቱም ምልልሱ ረጅም ሲሆን ፒስተኑ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሮጣል፣ ፍትጊያው ይበዛል፣ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር አይቻልም። ጠባብ ሲሊንደር ላይ ደግሞ ትላልቅ ቫልቮች ማስቀመጫ ቦታ የለም። ከኔ ቪትዝ ጋር ወንድማማች የሆነው 1.5 ሊትሩ ሞተር ስፋቱ ያው 75 ነው፣ ምልልሱ ብቻ ነው ወደ 84.7 የረዘመው፣ ሁለቱንም የነዳ ሰው ያውቃል፣ 1.5ቱ ከታች ነው ጉልበቱ፣ ሳትረግጠው ይጎትትሃል። የሲሲው ብልጫ እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ቫልቮቹ። እዚህ ነው የኔ መኪና በሽታ የነበረው።

ሁላችንም ስንማር የመሳቢያው ቫልቭ ፒስተኑ ወደታች ሲጀምር ይከፈታል፣ ታች ሲደርስ ይዘጋል ተብለን ነው። እንዲህ የሚሰራ ሞተር ግን የለም ማለት ይቻላል። አየር ክብደት አለው፣ ለመነሳትም ለመቆምም ይለግማል። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ያውቃል፣ መቅዘፍ ስታቆም ታንኳዋ አትቆምም፣ በነበራት ጉዞ ትንሸራተታለች። አየሩም እንደዛው ፒስተኑ ታች ደርሶ ወደ ላይ መመለስ ጀምሮ እንኳ በጉዞው ይገባል። ስለዚ ቫልቩን ትንሽ ዘግየት አድርገህ ከዘጋኸው ተጨማሪ አየር በነጻ ታገኛለህ። ምን ያህል ዘግየት? ጣጣው እሱ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር አንድ ሙሉ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚፈጅበት፣ አየሩ እየተምዘገዘገ ስለሆነ ዘግይተህ ብትዘጋ ይጠቅምሃል። ዳገት ላይ 1500 ሲዞር ግን አየሩ ቀስ ያለ ነው፣ ያንኑ ያህል ከዘገየህ ፒስተኑ የገባውን አየር በመጣበት በር መልሶ ይገፋዋል። ያኔ 10.5 የሚለው ሬሾ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው፣ በውኑ ሞተሩ የሚጨምቀው ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ የቀረውን ብቻ ነው።

የድሮዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ካምሻፍታቸው አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ለፈጣንም ለዘገምተኛም መሀል ላይ የተሰፋ ልብስ። (እነሱ ላይ ደግሞ አየርና ቤንዚኑን የሚቀላቅለው ካርቡራተር የአየሩን ስስነት በደንብ ስለማይረዳ እዚህ ከፍታ ላይ ድብልቁ ከሚገባው በ10 ከመቶ ገደማ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ካንዴላና የነዳጅ ሽታ ካላችሁ ከዛ ጀምሩ።) ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት እንደ ቪትዝ ያሉት ላይ ግን ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ በሞተር ዘይት ግፊት የሚሽከረከር ነገር አለ፣ ኮምፒውተሩ እንደ ፍጥነቱና እንደ ጭነቱ የመሳቢያውን ቫልቭ ሰዓት ወደፊት ወደኋላ ያደርገዋል። ቪቪቲ የሚሉት እሱ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ካምሻፍቱ በጣም በዘገየው ቦታ ተቆልፎ ነው የሚነሳው፣ ከዛ ዳገት ስትይዝ ዘይቱ ይገፋውና ቫልቩ ቀደም ብሎ እንዲዘጋ ያደርጋል፣ ያ ሁሉ አየር ወደኋላ ከመመለስ ይድናል።

ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞች እናንተም ጋ አለ ይሄ ነገር። አንድ ሲሊንደር፣ 200 ሲሲ ገደማ፣ ቪቪቲ ምናምን የለም፣ ግን የቫልቭ ክፍተት የምትሉት ራሱ ሰዓት ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል ቀድሞ ይዘጋል፣ ቲክ ቲክ ይላል፣ አየር ያንሰዋል። ሲጠብ ደግሞ የባሰ ነው፣ ድምፁ ጠፍቶ ደስ ይላል ግን ቫልቩ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፣ እሳት በስንጥቁ እያለፈ ይበላዋል። ድምፅ ያለው ቫልቭ ይሻላል፣ ዝም ያለውን ነው መፍራት።

መዘግየት ሁሌ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። አትኪንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሰበው ነገር አለ፣ ጭመቃው አጭር መስፋቱ ረጅም ቢሆንስ የሚል። እሱ በተወሳሰበ ብረታብረት ነው የሰራው፣ ፕሪየስ የሚባለው በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው የቶዮታ መኪና ደግሞ በቫልቭ ሰዓት ብቻ አደረገው፣ ቫልቩን ሆን ብሎ ያዘገያል፣ ከገባው አየር የተወሰነው ይመለሳል፣ ስለዚ የጂኦሜትሪ ሬሾው 13 ሆኖ ሳለ የሚጨምቀው ያነሰ ነው፣ አያንኳኳም፣ ሲሰፋ ግን ሙሉውን 13 እጥፍ ይሰፋል። በረካው ድረስ ይጠጣል ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው ፕሪየስ በዚህ መንገድ 40 ከመቶ ደርሷል። ዋጋው የጉልበት ማነስ ነው፣ እሱን ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ይሸፍንለታል። የኔ ቪትዝ ግን የሚሸፍንላት የለም።

አዎ፣ የኔ ቪትዝ። ዘይት መቀየር ላይ ሰነፍ ነኝ፣ እውነቱን ልናገር። ወደዛ የካምሻፍት መቆጣጠሪያ ዘይት የሚያስገባው መንገድ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ወንፊት አለች፣ የኔዋ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍና ነበር። ዘይቱ ስለማያልፍ ካምሻፍቱ ሁሌ በዘገየው ቦታ ተቆልፎ ቀረ፣ ጌጅ አያየውም (ሲለካ ሞተሩ ገና እየተመታ ስለሆነ ጤነኛውም በዘገየው ቦታ ነው ያለው)፣ ሜዳ ላይም ብዙም አይታወቅም፣ ቤዛዊት ላይ ግን ሞተሩ የሳበውን ግማሹን ሲመልስ ነበር ማለት ነው (ግማሽ ስል በምሬት ነው፣ በልኬት አይደለም)። የቼክ ኢንጅን መብራቱስ? ከኔ በፊት የነዳት ሰውዬ በጥቁር ፕላስተር ከላይ ሸፍኖታል። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ጌጥ መስሎኝ።

ጋሼ ራሳቸው ናቸው ወንፊቷን ፈትተው በቤንዚን ያጠቧት፣ ወደ ካምሻፍቱ የሚሄደውን ዘይት የሚከፍተውንና የሚዘጋውን የዘይት ቫልቭ በባትሪ እየነካኩ መንቀሳቀሱን አይተው መልሰው ገጠሙ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየርን፣ ፕላስተሩን ላጥነው። ከሰዓት ሲሆን ወደ ቤዛዊት ወጣን፣ እሳቸው ከፊት፣ ሁለት የሰፈር ልጆች ከኋላ፣ በሁለተኛ ማርሽ።

ስንመለስ ለነገሩ እንዲበቃኝ ብዬ ጌጅ ተውሼ እንደገና ለካሁ። 151፣ 152፣ 149፣ 151።